ሥር፣ ዕርግና የሜዱሳ ራስ፦ በሆድ ላይ የሚገተር ደም ሥር በዐማርኛና በሱዳን ዐረብኛ የተሰየመበት ታሪክ

ጀሪፍ የኻርቱም ሰፈር ነው። ስሙ በሱዳን ዐረብኛ ‹ጀርፍ› ከሚባለው፣ ወንዝ ሲጎድል ለዘር ከሚለቀቀው የዳርቻ መሬት የወጣ የማሳነሻ ቅርጽ ሲሆን ‹ትንሿ ዳርቻ› እንደ ማለት ነው። ዳርቻው የጥቁር ዓባይ ነው። (ሱዳኖች ወንዙን ‹አን ኒል አል አዝረግ› ይሉታል። ‹አዝረግ› በእነርሱ አፍ ጥቁርንም ስለሚጨምር የዐማርኛው ‹ጥቁር ዓባይ› ‹ሰማያዊ› ከሚለው የአውሮፓውያን አጠራር ይልቅ ለቃሉ የቀረበ ነው።) ወንዙ ሰፈሩን ምዕራብ ጀሪፍና ምሥራቅ ጀሪፍ ብሎ ይከፍለዋል። ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የሚወርደው ደለል በዚህ ዳርቻ ተቦክቶ፣ ‹ከሚና› በሚባለው ምድጃ ተቃጥሎ፣ ለከተማው ቤቶች ቀይ ጡብ ሲሆን ኖሯል። ደለሉን ተከትሎ ሰውም ወርዷል። ከ1974 አብዮት ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ልዩ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጦርነት፣ በረሃብና በሥራ ፍለጋ ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እንደ ዴም ሰፈር ሁሉ ጀሪፍንም መኖሪያቸው አድርገዋል።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ሕመም የሚነገረው ቢያንስ በሦስት ቋንቋ ነው። ሕመምተኛው በዐማርኛ ወይም በትግርኛ ይታመማል፤ በሱዳን ዐረብኛ ለሐኪም ያስረዳል፤ ሐኪሙ በተማረበት ቋንቋ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በሚደረገው መሻገር ምን እንደሚጠፋ ለማየት አንድ የሰውነት ምልክት ይበቃል። ምልክቱ በእምብርት ዙሪያና በሆድ ቆዳ ላይ አብጦ፣ ተጠማዝዞ የሚወጣው ደም ሥር ነው። ይህን ምልክት የሚጠሩት ስሞች ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲተረጎሙ ብዙ አይጎድልባቸውም፤ እንዲያውም ዐማርኛውና ዐረብኛው በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማሉ። ችግር ያለው ከስሙ ጋር በሚሄደው ግሥ ላይ ነው። የመዝገበ ቃላት ሥራ ደግሞ ከስም ጀምሮ በስም የመጨረስ ልማድ ስላለው ይህን ችግር ሳያየው ቆይቷል።

አስቀድሞ ነገሩ ራሱ። ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚሰበሰበው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ውስጥ ማለፍ አለበት። ጉበት በጠባሳ ሲጠጥር መንገዱ ይጠባል፤ በበሩ ላይ የተገታው ደም ግፊቱ እየጨመረ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። አንዱ መውጫ ከምግብ መውረጃው ቧንቧ ግርጌ ያሉት ሥሮች ናቸው፤ እነርሱ ተነፍተው ሲፈነዱ ሰው ደም ያስታውካል። ሌላው መውጫ በእምብርት በኩል ነው። ፅንስ በማኅፀን ሳለ ደም ከእትብት ወደ ጉበት ያመጣ የነበረው ሥር ከልደት በኋላ ተዘግቶ እንደ ገመድ ይቀራል። በአጠገቡ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ግን ግፊት ሲበረታባቸው ይሰፋሉ፤ ደሙንም ወደ እምብርት አድርሰው ለሆድ ቆዳ ሥሮች ያስረክባሉ። ከዚያ ደሙ ከእምብርት በላይ ወደ ላይ፣ ከእምብርት በታች ወደ ታች ይሄዳል። በዐይን የሚታየውም ይኸው ነው። በጉበት ሕመምተኞች ሁሉ ላይ የሚታይ ምልክት አይደለም፤ ሲታይ ግን ሕመሙ ብዙ መንገድ የሄደ መሆኑን ይናገራል።

የአውሮፓ ሕክምና ይህን ምልክት በላቲን ‹ካፑት ሜዱሴ›፣ የሜዱሳ ራስ፣ ብሎታል። ሜዱሳ በግሪኮች ተረት ጠጉሯ እባብ የሆነች፣ ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርግ ሴት ናት። ስሙን ያወጣው ሰው ያየው ቅርጽን ብቻ ነው፤ እምብርቱ ፊት፣ ሥሮቹ እባብ። ስለ ጉበትም፣ ስለ ደምም፣ ስለ ደም አካሄድም ስሙ የሚለው አንዳች የለም። ከዚህ ጋር አንድ አጋጣሚ ሳይጠቀስ ቢታለፍ ይቆጫል። በዚያው ተረት ፔርሴዎስ የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ የሚያርፈው በ‹ኢትዮጵያ› ነው፤ የንጉሡን ልጅ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ አድኖ ያገባታል፤ በሠርጉ ላይ የተነሡበትንም ጠላቶች በዚያ ራስ ድንጋይ ያደርጋቸዋል። የጥንት ግሪኮች ‹ኢትዮጵያ› የሚሉት አገር ከግብፅ በላይ ያለው የዓባይ ምድር፣ ማለትም በአብዛኛው የዛሬዋ ሱዳን ነው። በተረቱ ካርታ የሜዱሳ ራስ ከኻርቱም ብዙም ያልራቀ ሰፈር ጎብኝቷል ማለት ነው።

ከቅርጹ ወደ አሠራሩ የተሻገሩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሬሳ ምርመራ ሊቃውንት ናቸው። በፓሪስ የበሽታ አካል ጥናት መምህር የነበረው ዣን ክሩቬይዬ በእምብርት በኩል ክፍት ሆኖ የቀረውን ሥር ገልጾ ጻፈ፤ በጀርመን ፖል ፎን ባውምጋርተን በ1907 ጉዳዩን እንደገና አነሣው። በእነዚህ ሥሮች ላይ ጆሮ ሲደረግ አንዳንዴ የማያቋርጥ እምምታ ይሰማል፤ የሁለቱ ሰዎች ስም ተጣምሮ እስከ ዛሬ የሚጠራው ከዚህ ጋር ነው። ለሐኪም ዋናው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ የደሙ አቅጣጫ ሆነ። ምክንያቱም በሆድ ላይ የሚያብጥ ሥር ሁሉ ከጉበት አይመጣም። ከእግርና ከዳሌ ደም ወደ ልብ የሚያወጣው ታላቁ ሥር በደም ጓል ወይም በዕጢ ሲዘጋም የሆድ ቆዳ ሥሮች ያብጣሉ፤ ያን ጊዜ ግን ደሙ ከእምብርት በታችም ሳይቀር የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ሐኪም ሁለት ጣቱን ከእምብርት በታች ባለ ሥር ላይ አሳርፎ ደሙን እየገፋ ያስወጣና አንዱን ጣት ያነሣል፤ ሥሩ ከየት በኩል እንደሚሞላ ያያል። ከላይ ከሞላ የጉበት፣ ከታች ከሞላ የታላቁ ሥር ነገር ነው። ምርመራው በሙሉ በሁለት ግሦች ይጠቃለላል፤ ወረደ ወይስ ወጣ?

በዓባይ ሸለቆ ጉበትን ለዚህ ከሚያደርሱት ሕመሞች ታሪኩ በሚገባ የተጻፈው ቢልሃርዝያ ነው። ትሉን ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 ካይሮ ውስጥ በሬሳ ምርመራ አገኘው። ይህ ሰው የሞተው በ1862 ሲሆን የሞተበትንም ተስቦ የያዘው ወደ ምፅዋ በተደረገ ጉዞ ላይ ነበር፤ ስሙ ግን በዐማርኛም በሱዳን ዐረብኛም የበሽታ ስም ሆኖ ቀርቷል። በ1904 እዚያው ካይሮ ሲመርስ የተባለ ሐኪም የትሉ ዕንቁላል በጉበት የበር ሥር ቅርንጫፎች ዙሪያ የሚያስከትለውን ነጭ ጠባሳ ገለጸ፤ ጉበቱ ሲቆረጥ የሸክላ ፒፓ ዘንግ የተሰካበት ይመስላል ብሎ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በቢልሃርዝያ የተጎዳ ጉበት በሩ ቢጠብም ሥራውን ብዙ ጊዜ አያቋርጥም፤ ሰውየው ዐይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ ጡብ እየተሸከመ፣ አንድ ቀን በድንገት ደም ያስታውካል።

ሱዳን ውስጥ የሰናር ግድብ በ1925 ተጠናቆ የጀዚራ መስኖ ሲከፈት ቦዮቹ ትሉን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የተመቸ መኖሪያ ሆኑ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጠነሰሰው የጥቁር ዓባይ የጤና ፕሮጀክት ከወባ ጋር ይህንኑ ለመቆጣጠር የተቋቋመ ነበር። በወንዙ ምንጭ በኩልም፣ በጣና ዳርቻ፣ ያው ትል አለ። ኢትዮጵያዊው አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱ የተነገረ ታሪክ ነው። ለቋንቋ ተመልካች ግን አንድ ነገር ይጨመርበታል። በቦታው የነበረው ቃል እንዶድ ሳይሆን የትግርኛው ‹ሽብቲ› ነበር፤ ዓለም የያዘው ግን የዐማርኛውን ነው። በዚያው በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሆድን የሚነፋና ሰውን የሚያከሳ የጉበት ሕመም ታየ። ምክንያቱ ሳይገኝ ለዓመታት ‹ያልታወቀ የጉበት በሽታ› እየተባለ ከቆየ በኋላ እህል ውስጥ ከገባ የአረም መርዝ ጋር ተያይዞ ተገለጸ፤ መርዙ የጉበትን ደቃቅ ደም ሥሮች የሚዘጋ ነው። በሽታው ስም ሳይኖረው የቆየው በሐኪሞች ዘንድ ነው። የወረዳው ሰው ግን ሆድ ሲነፋና ሥር ሲገተር የሚጠራበት ቃል አላጣም።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። ዐማርኛ ‹ደም ሥር› ይላል፤ በተናጠልም ‹ሥር›። ቃሉ የዛፍ ሥር ነው፤ የነገር መነሻ ነው፤ ‹ከሥር› ሲባል ታች ነው፤ በሰውነት ላይ ደግሞ ደም የሚሄድበትም፣ ሥጋን ከዐጥንት የሚያያይዘው ጅማትም ነው። በግዕዝ ‹ሥርው› ይኸው ስፋት አለው። ትግርኛ ለዛፉ ‹ሱር› ብሎ ለሰውነት ‹ሰራውር› የሚለውን የብዙ ቅርጽ ስለለየ ከዐማርኛ ይልቅ ግልጽ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1948) እና የቮልፍ ሌስላው የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት (1987) ይህን ቤተሰብ ለሚከታተል ሰው ዋና ማጣቀሻዎች ናቸው።

ዐረብኛ ‹ዒርቅ› ይላል። በሱዳን አፍ የቃፍ ድምፅ ወደ ገ ስለሚሄድ ‹ዕርግ›፣ ሲበዛም ‹ዑሩግ› ይሆናል። ይህም ቃል የዛፍ ሥር ነው፤ ደም የሚሄድበት ነው፤ የዘር መነሻም ነው። ‹ዕርግ› ከ‹ሥር› ጋር በድምፅ ዝምድና የለውም፤ አንዱ ከሌላው አልተዋሰም። ሁለቱ ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ የሰውን ሰውነት እንደ ተክል አይተውታል ማለት ነው። ተመሳሳይነቱ ሌላ ቦታም ይቀጥላል። ዐማርኛ መድኃኒተኛን ‹ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ› ይለዋል፤ በሱዳንም ‹ዑሩግ› ለመድኃኒትና ለአስማት የሚያዙ የተክል ሥሮች ስም ነው። ስለዚህ አንድ የጀሪፍ ነዋሪ ‹ሥር› የሚለውን ‹ዕርግ› ብሎ ሲተረጉም የሕክምናውን ትርጉም ብቻ አይደለም የሚያሻግረው፤ የድግምቱም ጥላ አብሮ ይሻገራል። በተለይ ሥሩ ‹በሆዴ ውስጥ› ከተባለ ሰሚው ሰው ያበሉት ነገር አድርጎ ሊሰማው ይችላል።

ዐይን የሌለው ጆሮ ሌላም ስሕተት ይሠራል። ዐማርኛ ተናጋሪ የዐይንን ድምፅ ከአልፍ አይለይም፤ ትግርኛ ተናጋሪ ይለያል። ከ‹ዕርግ› ጋር በሦስቱ ፊደላት የሚተባበረው ‹ዐረቅ› ላብ ነው፤ ላብ እንደሚንጠባጠብ ከሚንጠባጠበው መጠጥ የወጣው ደግሞ የሱዳኑ ‹ዐረጊ› ነው፤ የዐማርኛው አረቄም የዚያው ዘር ነው። በተናባቢዎች ደረጃ በሥርና በአረቄ መካከል አናባቢ ብቻ አለ። ከመስከረም 1983 እስከ 2020 መጠጥ ሙስሊም ላልሆኑም ጭምር በሕግ ተከልክሎ በነበረበት አገር፣ ጉበቱ የታመመ የሐበሻ ስደተኛ ገና አፉን ሳይከፍት ‹ትጠጣለህ ወይ?› መባሉ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው በሕክምና ረገድ ተገቢ ነው፤ አልኮል ጉበትን ያጠጥራል። ነገር ግን በዚህ ወንዝ ዳርቻ ቢልሃርዝያና የጉበት ቫይረሶች ሰው ሳይጠጣም ለዚያው ያበቁታል። ጥርጣሬውን የሚፈራ ሰው ምልክቱን ልብሱ ውስጥ ሸሽጎ ይቆያል። ሥርና አረቄ በአንድ የዐረብኛ ሥረወ ቃል መገናኘታቸው የዚህ ነገር ምክንያት አይደለም፤ በተሰባበረ ዐረብኛ ለሚናገር ሰው ግን አደጋውን ያበዛል።

የሥሮቹን ቅርጽ ለመግለጽ ዐማርኛ የሚቀናው ምሳሌ ‹እንደ ሐረግ› ነው፤ ሐረግ ሲሆን የሚጠመጠም ተክል ነው፤ የዘር ሐረግም አለ፤ ሰዋስው ላይም ሐረግ አለ። እዚህም ተክል፣ ዘርና ሰውነት በአንድ ቃል ተገናኝተዋል። ከሜዱሳ ይልቅ ሐረግ ይሻላል ቢባል ለአገር ቃል ከማድላት አይቆጠርም። ሐረግ ከአንድ ቦታ ይነሣል፣ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ አቅጣጫ አለው። እባብ በራስ ላይ ሲርመሰመስ መነሻም መድረሻም የለውም።

ጉበት ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። በሴም ቋንቋዎች ጉበት የከ-በ-ደ ዘር ነው፤ ዐረብኛ ‹ከቢድ›፣ ዕብራይስጥ ‹ካቬድ›። ከብደት ከሚለው ሐሳብ ጋርም ይያያዛል፤ ዐማርኛ ‹ከበደ› ይላልና። በግዕዝ ግን ‹ከብድ› ከጉበት ወደ ሆድ ሰፋ፤ ትግርኛ ‹ከብዲ› ሲል ሆድ ማለቱ ነው። የራሱን የቀድሞ ስም ለሆድ የሰጠው አካል ሌላ ስም አስፈለገውና ትግርኛ ‹ጸላም ከብዲ›፣ ጥቁር ሆድ፣ አለው። በዚህ ምክንያት ሁለት ዘመዳሞች ሲነጋገሩ ይሳሳታሉ። የትግርኛ ተናጋሪው ‹ከብደይ› ብሎ ሆዱን ሲያመለክት ሱዳናዊው ጉበቱን እንደ ጠራ ሊሰማው ይችላል፤ ሱዳናዊው ሐኪም ‹ከቢድ› ሲል ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪው ሆድ ይሰማል። የቃል ዝምድና ከባዕድነት ይልቅ የሚያሳስትበት ቦታ ይኸውና። ዐማርኛ ተናጋሪ ‹ሆድ› እና ‹ጉበት› የሚሉ ለዐረብኛ የማይመስሉ ቃላት ስላሉት ከዚህ ስሕተት ይድናል። ግን የራሱ ችግር አለው። የዐማርኛ ሆድ የስሜት ቤት ነው፤ ሆዴ ባባ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆድ ይፍጀው። ‹ሆዴን› የሚል ሰው ሐዘኑን እየተናገረ እንደሆነ የሚቆጥር ዘመድ አይጠፋም። ዐረቡ ስሜቱን በከፊል በጉበቱ ያስቀምጣል፤ ልጁን ‹የጉበቴ ቁራጭ› ይላል።

የሥሩ ጎረቤት የሆነው ምልክት በሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ዐማርኛ ‹ሆዱ ውሃ ቋጠረ› ይላል፤ ሲወጠርም ‹እንደ ከበሮ›። የዐረብኛው የሕክምና ቃል ‹ኢስቲስቃእ›፣ ውሃ መሻት ወይም መጠጥ መለመን ነው፤ ሆዱ በውሃ ተሞልቶ ሳለ የሚጠማውን ሰው ያያል። ኢብን ሲና በቃኑን መጽሐፉ ሦስት ዐይነት ይለያል፤ የአቁማዳ፣ የሥጋና የከበሮ። ከበሮው በሁለቱም ቋንቋ መገኘቱ ሆድን በጣት መትቶ የማዳመጥ ልማድ ከመጻሕፍት በፊት የነበረ መሆኑን ይጠቁማል። ኻርቱም ውስጥ የሆድ ዕቃና የጉበት ሕመምተኞች ይላኩበት የነበረው ሆስፒታል ስሙ ኢብን ሲና መሆኑም የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ስለ ቢጫነት ዐማርኛ ‹የወፍ በሽታ› የሚል ስም አለው፤ በብዙ ቦታ ወፉ የሌሊት ወፍ ነው ይባላል። ይህ ስም መንስኤ የሚናገር ስም ነው፤ የሚናገረው መንስኤ ግን ሕመምተኛውን ከጉበቱ ያርቀዋል። በአንጻሩ ‹ሥር› ምንም መንስኤ አያስመስልም፤ ለሐኪም የተመቸ የዋህ ቃል ነው።

ዘመናዊው የዐማርኛ ትምህርት ‹ሥር›ን ለሁለት ከፍሎታል። ከልብ የሚወጣው ‹ደም ቅዳ›፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ‹ደም መልስ› ሆኗል። ሁለቱም ከግሥ የወጡ፣ አቅጣጫ ያላቸው፣ ያማሩ ቃላት ናቸው። የዘመናዊ ዐረብኛ ‹ወሪድ› ከዚህ ጋር በሥረወ ቃሉ ይነጻጸራል። ወ-ረ-ደ በዐረብኛ ወደ ውሃ መምጣት ነው፤ በግዕዝና በዐማርኛ ወደ ታች መሄድ ነው፤ ዘሩ አንድ ነው፤ ውሃ ወዳለበት የሚሄድ ከብት የሚሄደው ቁልቁል ነውና። ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ሥር በዐረብኛ ‹አል ወሪድ አል ባቢ›፣ የበር ሥር፣ ይባላል፤ የጉበት በር የሚለው ሐሳብ ከግሪክ ሊቃውንት ጀምሮ የመጣ ነው። በዐማርኛም ‹የጉበት በር ሥር› ቢባል ማንም ሰው ሳይማር ይረዳዋል። ‹ደም መልስ› ግን በዚህ ሕመም ላይ ተቃርኖ ይገጥመዋል፤ በሆድ ላይ የሚገተረው ሥር መመለስ የተከለከለ ደም መንገድ ነውና። ለመማሪያ መጽሐፍ ‹ደም መልስ› ይሁን፤ ከሕመምተኛ ጋር ለሚደረግ ንግግር ግን ‹ሥር› ባይነካ ይሻላል።

አሁን ወደ ግሡ። ዐማርኛ ተናጋሪ በሆዱ ላይ ያየውን ሲናገር ‹ሥር ወጣብኝ› ይላል፤ ወይም ‹ተገተረ›፣ ‹ተነፋ›። ‹ተገተረ› በአንገትና በግንባር ላይ የቁጣ ምልክት ነው፤ በክንድ ላይ የጉልበት። በከሚና ጡብ የሚያወጣ ሰው ሥሩ ቢገተር ማንም አይደነቅም፤ ከቀን ሥራውና ከቅጥነቱ ጋር ይታያል። በዚህ ምክንያት ምልክቱ በሚሠራ ሰውነት ላይ ይደበቃል። ዐረብኛም ሥሩ ‹ናፊር› ነው ይላል፤ ያውም ለቁጡና ለቀጭን ሰው ይነገራል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ጉድለታቸውም አንድ ነው።

ዋናው ‹ወጣ› ነው። ‹ወጣ› በዐማርኛ ከውስጥ ወደ ውጭ መታየት ነው፤ ፀሐይ ወጣች፣ ቡግንጅ ወጣ። ደግሞም ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው፤ ዳገት ወጣ። የሱዳን ዐረብኛ ‹ጠለዕ› ልክ እንዲሁ ሁለቱንም ይይዛል፤ ተገለጠም፣ ተነሣም፣ ወደ ላይ ሄደም። ትርጉሙ በዚህ ዐይነት ያለ አንዳች እንከን ይሻገራል፤ ጥርጣሬውም ሳይጎድል አብሮ ይሻገራል። ‹ሥሩ ከታች ወጣ› የሚለው ዐረፍተ ነገር ‹በሆዴ ታችኛ ክፍል ታየ› ነው ወይስ ‹ከጭኔ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሄደ ነው›? በመጀመሪያው ፍች የጉበት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ግን ሰሚውን ወደ ታላቁ ሥር መዘጋት ይመራዋል። በርግጥ የሐኪም ጣት ይፈርዳል። ጣት ሊፈርድ የሚችለው ግን ሰውየው ልብሱን ከገለጠ በኋላ ነው። ሰውየው መላኩን፣ ወዴት መላኩን፣ በምን ፍጥነት መላኩን የሚወስነው ከዚያ በፊት በር ላይ የሚነገረው ቃል ነው። ተርጓሚው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ጎረቤት ነው፤ እንከን የለሽ ትርጉም ስላቀረበ የጎደለ ነገር ያለ አይመስለውም። በሁለቱ ቋንቋዎች ስሞች ላይ የተሠሩ መዝገበ ቃላት፣ የአውን አሽ ሸሪፍ ቃሲም የሱዳን አነጋገር መዝገበ ቃላትም ሆነ የቶማስ ኬን የዐማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ፍቺዎቹን በየራሳቸው ሊሰጡ ይችላሉ። ሁለቱ ግሦች በአንድ ዐይነት ሁለት ፍች እንደሚንጠለጠሉ የሚታየው ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

በሚያዝያ 2023 ኻርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የከተማዋ ሆስፒታሎች በብዛት ሥራ አቆሙ፤ ከስደተኞቹም ብዙዎች በመተማ በኩል ተመለሱ። ከእነርሱ ጋር ሱዳናውያን ተሻገሩ፤ በዐማራ ክልል ኩመርና አውላላ የመጠለያ ጣቢያዎች ተከፈቱላቸው። የመተርጎሙ አቅጣጫ ተገለበጠ። አሁን ‹ዕርግ› የሚለው ሕመምተኛው ነው፤ ‹ሥር› ብሎ የሚጽፈው በመተማ ወይም በጎንደር ያለ የጤና ባለሙያ ነው። በጀሪፍ የኖሩ ተመላሾች በመካከል ሲቆሙ ስሙን ያለ ችግር ያሻግሩታል። ‹ጠለዕ› ሲባል ግን ‹ወጣ› ብለው ከመጨረሳቸው በፊት ሌላ ጥያቄ መጨመር ይኖርባቸዋል፤ ሕመምተኛው በጣቱ ሥሩን ከጀመረበት እስከ ደረሰበት እንዲያሳይ፣ ከዚያም በዐረብኛ ‹ናዚል› ነው ወይስ ‹ጣሊዕ›፣ እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ ብለው እንዲጠይቁት።